ያልተከለከለው ዳስ

በአስመራ ከተማ ማንም ያልከለከለውን ነገር ያስከለከልሁ ሰው እኔ ነኝ። «ያስከለከልሁ» የሚለው ቃል በጥንቃቄ ሲመረመር ልክ ላይሆን ይችላል፤ ነገሩ እስከ ዛሬ ድረስ አልተከለከለምና። ይሁን እንጂ በዚያ ሰሞን በሰፈሬ በእዳጋ ሓሙስ ልጁን የሚድር ሰው ሁሉ በደጄ ሲያልፍ ፊቱን ወደ ማዶ ያዞር ነበር። ያልተከለከለ ነገር ይህን ያህል ጠላት ካፈራልኝ፣ የተከለከለ ቢሆንማ ምን ይውጠኝ ነበር እያልሁ እገረማለሁ።

ይህ የሆነው ነጻነት ከመጣ በኋላ ባሉት የመጀመሪያዎቹ ዓመታት በአንዱ ነው። በየትኛው እንደሆነ በእርግጠኝነት አልናገርም። ትውስታዬ ምስክር ሆኖ ቢቀርብ መስቀለኛ ጥያቄ የሚቋቋም አይደለም፤ አንዳንድ ጊዜም ሌላ ሰው ያየውን እኔ እንዳየሁት አድርጎ ይመሰክራል። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ «እንደማስታውሰው» በሚል ጥላ ሥር እንዲነበብልኝ አሳስባለሁ። ወሩ ጥር እንደነበረ ግን አልጠራጠርም፤ ዐቢይ ጾም ከፊታችን ቆሞ ይጠብቀን ስለነበረ፣ የሚዳር ሁሉ ይጣደፍ ነበር።

የምትዳረው የልጅ ልጄ ሰናይት ናት። አባቷ፣ ልጄ ዮናስ፣ እርሷ ገና ድክ ድክ ስትል በመንገዱ በኩል ባለው በር ወጥቶ ወደ ሜዳ ሄደ፤ ከታጋዮቹ ጋር ሊሰለፍ። አልተመለሰም። ነጻነት ሲገባ ጓዶቹ መጥተው፣ በየቤቱ የነገሩትን ለእኛም ነገሩን። ያሳደግኋት እኔና እኅቴ ለተብርሃን ነን። ሰናይት ስለ ሰርጓ ብዙ አላስቸገረችም፤ ልብሱንም ወጡንም እኅቴ እንዳሻት እንድታደርግ ትታላት ነበር። የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ኣቦሓጎይ፣» አለችኝ፣ አያቴ ማለቷ ነው፤ «አባቴ በወጣበት በር ልውጣ። በሩ ሲከፈት ዳሱ ፊት ለፊት ይሁን። ሰው ሁሉ እዚያ ቆሞ ይየኝ።»

«ይህማ ምን ችግር አለው?» አልኋት።

ችግሩ እኔ ነበርሁ።

በከተማችን ሰርግ ሲኖር ዳስ የሚጣለው በቤቱ ፊት፣ በመንገዱ ላይ ነው። የብዙዎቻችን ግቢ ለአንድ የልብስ ገመድና ለአንድ ጠብ ብቻ የሚበቃ ስለሆነ፣ ሌላ አማራጭ አልነበረም። በዚያ የሚመጣ ማኪና ሸራውን ያያል፣ እልልታውን ይሰማል፣ ሾፌሩም «ይባርክ» ብሎ ወደ ኋላ ይመለሳል። ይህን የሚፈቅድ ሕግ አልነበረም፤ የሚከለክልም አልነበረም። ሕዝብ ሳይጻፍ የተስማማበት ነገር እንደ አሮጌ ግንብ ነው፤ የቆመው ማንም ስላልነካው ነው። እኔ ግን ሕግ የተማርሁ ሰው ነኝ። አዲስ አበባ ተምሬ በጠበቃነት ስለኖርሁ ሰፈሩ የሚጠራኝ «አቦይ ጠበቃ» እያለ ነው። የጠበቃ ጠባይ ደግሞ የታወቀ ነው፤ የቆመ ግንብ ሲያይ በምን እንደቆመ ለማወቅ ከሥሩ ድንጋይ ይመዛል።

«ለማንኛውም ልጠይቅ» ብዬ ባርኔጣዬን አነሣሁ።

«ሓወይ፣ ወንድሜ፣ ማን ከለከለህና ነው የምትጠይቀው?» አለች ለተብርሃን።

«ማንም አለመከልከሉን ለማረጋገጥ ነው።»

«ጅቡ ተኝቶ እንደሆነ በበትር ነካ አድርገህ ልታይ ነዋ» አለችኝና ወደ ሽንኩርቷ ተመለሰች።

እዚህ ላይ አንባቢን ጥቂት ላቆየው። እኔ በዕድሜዬ ብዙ አስተዳደር አይቻለሁ፤ እያንዳንዱም ሕጉን የሚያሰማበት የራሱ መንገድ ነበረው። በልጅነቴ ጣሊያን ክልከላውን በግድግዳ ላይ ይጽፍ ነበር፤ «ቪየታቶ»፣ ክልክል ነው፣ የሚለውን ማንበብ የማይችል ሰው እንኳ የፊደሉን ውፍረት አይቶ ይመለስ ነበር። እንግሊዝ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለጥፎ፣ ዝናብ ሲያጥበው መልሶ ይለጥፍ ነበር። ንጉሡ በጋዜጣ ያትሙ ነበር። ደርግ ደግሞ በራዲዮ፣ የሰልፍ ሙዚቃ ካስቀደመ በኋላ ያውጅ ነበር፤ ሙዚቃው ሲጀምር እኛ በር እንዘጋ ነበር። አዲሱ አስተዳደራችን ግን እንደ ቤተ ዘመድ ነበር። አይጽፍም፣ አይለጥፍም፣ አያውጅም። አጠገብህ ተቀምጦ ይመክርሃል።

በአካባቢያችን ጽሕፈት ቤት የነበረችው ለምለም የምትባል የቀድሞ ታጋይ ናት። ከሜዳ ያመጣችውን የላስቲክ ጫማ ገና አልለወጠችም ነበር። ሰው ሲገባ ከጠረጴዛዋ ተነሥታ፣ ወንበር ስባ ከጎኑ ትቀመጣለች። ለተራ ሰው ይህ ትሕትና ነው፤ ለሕግ ሰው ግን አደጋ ነው። ባለሥልጣኑ ከጠረጴዛው ማዶ ካልሆነ፣ ይግባኝ የሚባለው ወዴት ነው?

«አቦይ፣ ስለ ዳስ የወጣ ነገር የለም» አለችኝ።

«እንግዲያው መጣል እችላለሁ?»

«ማን ከለከለዎት?»

ጤነኛ ሰው እዚህ ላይ «የቐንየለይ» ብሎ አመስግኖ ይወጣል። እኔም ተነሥቼ ነበር፤ ይህን በደንብ አስታውሳለሁ። ነገር ግን ከበሩ ላይ ዞር ብዬ፣ «መንገዱን በሙሉ ቢይዝስ?» አልኋት።

ለምለም አሰበች። ስታስብም አየኋት። እስከዚያች ቅጽበት ድረስ ይህ ጥያቄ በአገሩ ተጠይቆ የሚያውቅ አይመስለኝም።

«እውነትዎን ነው» አለች። «በሽተኛ የያዘ ማኪና ቢመጣስ? መንገዱን ባይዘጋ ይሻላል።»

«ይህ ክልከላ ነው?»

«ኣይኮነን፣ አይደለም። ምክር ነው።»

«ምክሩን ባልቀበልስ?»

«ደስ ያለዎትን ያድርጉ» አለች፣ በቅን ልብ።

ከመንግሥት ቢሮ የሚወጣ፣ ከዚህ የበለጠ የሚያስፈራ ዓረፍተ ነገር አላውቅም። «ይቀጣሉ» ብትለኝ ኖሮ የቅጣቱን ልክ ጠይቄ፣ ከዳሱ ጋር መዝኜ፣ አንዱን መርጬ እተኛ ነበር። ደስ ያለኝን ማድረግ ግን ዳርቻ የለውም። ከዚያ በኋላ ምን እንደሚመጣ በየትኛው አንቀጽ ይታያል?

ይህን ምክር ለማን እንደነገርሁ አላስታውስም። ለማን እንዳልነገርሁ ማስታወስ ሳይቀል አይቀርም። ብቻ በማግስቱ ሸራና ምሰሶ የሚያከራየው ገብሩ በራችን ላይ ቆሞ አገኘሁት፤ ባዶ እጁን ነበር።

«አቦይ ጠበቃ፣ ሸራዬን አላመጣም። መንግሥት መንገድ አትዝጉ ብሏል አሉ።»

«አላለም። የተባለው ባይዘጋ ይሻላል ነው።»

«ታዲያ መንግሥት ይሻላል ሲል፣ እኔ ገብሩ ተነሥቼ ይብሳል ልበል?»

እንደመጣ በባዶ እጁ ሸኘሁት።

ከእኛ ቤት ቀጥሎ የሚኖረው ኣያ ዘርኣይ በዚያው ሳምንት ወንድ ልጁን ይድር ነበር። የምክሩ ወሬ ስለደረሰው ዳሱን በግቢው ውስጥ አጥፎ ጣለ። እንግዶቹ ጉልበት ለጉልበት ተጋጥመው ተቀመጡ፤ አንዱ ሲጎርስ የሌላው ክርን ይነሣ ነበር። ካህኑ ለመባረክ ቢቆሙ የልብስ ገመዱ ጥምጥማቸውን ያዘው። በማግስቱ ዘርኣይ መጥቶ ከፊቴ ቆመ።

«ጠበቃ ጎረቤት ያለው ሰው ሽፍታ አያስፈልገውም» አለኝ። «አንተ ሰው፣ ልጄ ምን አደረገህ?»

«ዘርኣይ፣ እኮ ግዴታ አልነበረም። መንገዱ ላይ መጣል ትችል ነበር።»

«እወ፣ እችል ነበር። ሰፈሩ ሁሉ በመስኮት ቆሞ፣ ዘርኣይ ምን ይሆን ይሆን እያለ ሲጠብቀኝ፣ እችል ነበር።»

እዚህ ላይ ነገሩን እንዳበላሸሁ ገባኝ፤ ስለዚህ ላስተካክለው ቆርጬ ተነሣሁ። ሰው ያጠፋውን ባጠፋበት መንገድ ሄዶ ያስተካክላል ብሎ ማመን የተማሩ ሰዎች በሽታ ነው። ወደ ለምለም ተመልሼ ምክሩን እንድትሽርልኝ አመለከትሁ።

«ምን ልሽር?» አለች፣ በመገረም። «ምን አወጣሁ?»

ልክ ነበረች። ሕግ እንዴት እንደሚወጣ ተምሬያለሁ፤ እንዴት እንደሚሻሻልና እንደሚሻርም ተምሬያለሁ። ያልተወለደ ሕግ እንዴት እንደሚቀበር ግን ማንም አላስተማረኝም። ለምለም አዘነችልኝና፣ ከእርሷ በላይ ያለውን ቢሮ ብጠይቅ እንደሚሻል መከረችኝ። ይህንንም ምክር ተቀበልሁ።

በበላዩ ቢሮ ያገኘሁት ሰው መነጽር ያደረገ፣ ረጋ ያለ፣ ለገባ ሁሉ ሻሂ የሚያዝዝ ሰው ነበር። ነገሬን እስከ መጨረሻው አዳመጠኝ። ከዚያ በኋላ መነጽሩን አውልቆ፣ «ይህን ሐሳብ ማን አመጣው?» አለ።

«ጥያቄው የእኔ ነው፤ መልሱ የለምለም ነው» አልሁ፣ ኃላፊነትን በትክክል ለማከፋፈል።

«በጣም ጥሩ ሐሳብ ነው» አለና በሚቀጥለው ክፍል ወዳለው ባልደረባው ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «ስማኝማ፣ በእዳጋ ሓሙስ ሕዝቡ ራሱ ተነሣሥቶ መንገድ አንዝጋ ብሏል። በሌላውም ሰፈር ቢነገር ይሻላል» አለው።

ቢሮው ውስጥ ስገባ አንድ ሽማግሌ ነበርሁ፤ ሻሂዬን ሳልጨርስ ሕዝብ ሆንሁ። ይግባኝ ያልሁበት ምክርም ከአንድ ሰፈር ወጥቶ ከተማውን ሊያዳርስ ተነሣ። የቀረኝን ድፍረት አሰባስቤ፣ ነገሩ ቢያንስ በጽሑፍ እንዲወጣ ለመንሁት፤ አንቀጽ ካለው መከራከሪያ አለውና።

«አቦይ፣» አለኝ፣ እጁን በትከሻዬ ላይ አድርጎ፤ «ብንጽፈው ግዴታ ይሆናል። ሕዝባችን ብዙ መከራ አይቷል። እኛ ደግሞ ግዴታ ልንጭንበት አንፈልግም።»

እያሾፈ አልነበረም። ዓይኑን አይቻለሁ፤ ከልቡ ነው። ጨካኝ ባለሥልጣን በሕግ ይሞገታል፤ ርኅሩኅ ባለሥልጣን ግን በምን ይሞገታል? ሲሸኘኝ፣ «ሌላም ቢሻል የሚሉት ነገር ካለ ይንገሩን» አለኝ። አፌን በባርኔጣዬ ይዤ ወጣሁ።

ወደ ቤት ስመለስ በአውቶቡሱ ውስጥ ከጎኔ የተቀመጡት ወይዘሮ ፓራዲዞ ከሚባለው ሰፈር እንደመጡ ነገሩኝ። የፓራዲዞ መንገድ ሁለት ሰርግና አንድ ለቅሶ ጎን ለጎን ያስተናግዳል። እርሳቸው ግን የእኅታቸውን ልጅ ዳስ ከቤቱ ጀርባ፣ በዶሮዎቹ በኩል ሊጥሉ ነበር። ወደ ላይኛው ቢሮ ከመሄዴ በፊት ወሬው እንዴት ፓራዲዞ እንደደረሰ ልነግራችሁ አልችልም፤ ምናልባት የሄድሁበትን ቀን ከሌላ ቀን ጋር አደባልቄው ይሆናል።

«ለምን ከጀርባ?» አልኋቸው።

«አልሰሙም እንዴ? ተከልክሏል። በእዳጋ ሓሙስ አንድ ሽማግሌ ጠበቃ አለ አሉ። ዳሱን ማኪና ገጭቶበት ከተማውን በሙሉ ከሰሰ።»

«ሰውየው ተጎዳ?»

«እሱማ ምን ይሆናል? እንዲህ ያለ ሰው አይሞትም።»

ፌርማታዬ ሳይደርስ ወረድሁ።

እቤት ስደርስ ለተብርሃን መፍትሔ አግኝታ ጠበቀችኝ። ሙሽራው ከዓኽርያ ሰፈር ነው፤ በዚያ አነስተኛ የብረታ ብረት ሥራ አለው። ቤተሰቡ ወሬውን ሰምቶ ኖሮ፣ ሙሽራዋ ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ ወደ እነርሱ ብትሄድ እንደሚሻል ልኮብን ነበር። በእኛ በኩል ዳስ አይኖርም፤ የሚዘጋ መንገድም አይኖርም፤ ማንም ከማንም አይጣላም። ነገሩ እንደ ሕግ ሰው ሲታይ እንከን አልነበረውም።

ሰናይት ይህን ስትሰማ «ሕራይ» አለች። እሺ ማለቷ ነው። አልተከራከረችም። ከዚያ መጥረጊያ አንሥታ ወደ መንገዱ የሚያወጣውን በር ከፈተችና ደፉን መጥረግ ጀመረች። ደፉ ንጹሕ ነበር። እርሷ ግን ረዥም ጊዜ ጠረገችው።

ብትከራከረኝ ኖሮ እመልስላት ነበር፤ ክርክር ሙያዬ ነው። ያ «ሕራይ» ግን መልስ አልነበረውም። ባርኔጣዬን ከራሴ አውልቄ ሰቀልሁና ለለተብርሃን፣ «ዳሱ ይጣላል፤ በሩ ፊት ለፊት፣ መንገዱ ላይ» አልኋት።

«ማንን ጠይቀህ?»

«ማንንም።»

ሽንኩርቷን አስቀምጣ ግንባሬን ዳሰሰችኝ፤ ትኩሳት እንዳለኝ ለማየት።

ሳይጠይቁ ማድረግ ለለመደው ቀላል ነው። እኔን ግን እግሬ ከልማዱ የተነሣ ራሱ ወደ ለምለም ቢሮ ይዞኝ ሄዶ፣ ከደረጃው ላይ ነቅቼ የተመለስሁበት ጊዜ ነበር። ከዚያ ይልቅ ወደ ገብሩ መጋዘን ሄድሁ። ሸራ እንዲሰጠኝ ስጠይቀው ወደ ግራ፣ ከዚያም ወደ ቀኝ ተመለከተ።

«እኔ አልሰጥዎትም» አለ። «ግን ሸራው እርጥበት ይዞታል፤ ቅዳሜ ጧት በእናንተ ሰፈር በኩል ለፀሐይ አሰጣዋለሁ። ምሰሶዎቹም ከሱ አይለዩም። ካሰጣሁት በኋላ ደስ ያለዎትን ያድርጉ።»

ገብሩም አስተዳደር ሆኖ ነበር።

ቅዳሜ ጧት ሸራው በራችን ላይ ተሰጥቶ ተገኘ። እኔና ለተብርሃን አንዱን ጫፍ ለማንሣት ስንታገል፣ ሰፈሩ በየመስኮቱ ቆመ። የሚረዳን የለም፤ የሚከለክለንም የለም። በመጨረሻ አንድ በር ተከፈተና ኣያ ዘርኣይ እጅጌውን ጠቅልሎ ወጣ።

«ይቅር ያልሁህ እንዳይመስልህ» አለኝ። «ቢያፈርሱት በቅርብ ሆኜ ልየው፤ ባያፈርሱት ደግሞ እኔ ነኝ ያቆምሁት እላለሁ። ያዝ ገመዱን።»

ገመዱን ያዝሁ። የትኛውን እንደያዝሁ ግን አላየሁም፤ ስስበው መካከለኛው ምሰሶ ተነቀለና ሸራው ሦስታችንም ላይ ወረደ። በዚያ ጨለማ ውስጥ፣ የሰዉ ሁሉ ሳቅ ከውጭ ሲሰማን፣ ዘርኣይ በለሆሳስ፣ «ጠበቃ፣ አሁንስ ማንን ልትጠይቅ ነው?» አለኝ። ለተብርሃን እዚያው ሸራው ሥር ሆና ሳቀች፤ ከዚያ እኔም ሳቅሁ። ሳቁ ሳይረዳን አልቀረም፤ ሸራውን ገልጠው ሊያወጡን የመጡት ጎረቤቶች አንድ ጊዜ እጃቸውን ካስገቡ በኋላ አልተመለሱም። ቀን ሳይጋመስ ዳሱ ቆመ። ከልምድ ማነስም ይሁን ከእልህ፣ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ነበር የቆመው። ማኪና ይቅርና ቢሽክሌታ ማለፊያ አልነበረውም።

ለምለም የመጣችው ያን ጊዜ ነው። በላስቲክ ጫማዋ፣ ቀስ እያለች። አንዲት ሴት የጀመረችውን እልልታ መሀል ላይ ዋጠችው።

«ዳሱ ቆመ?» አለች።

«ቆመ።»

«መንገዱን በሙሉ ይዟል።»

«በሙሉ።»

ዳሱን ከላይ እስከ ታች አየችው። «አቦይ፣ እንደ ሌላው ጊዜ መጥተው ለምን አልጠየቁኝም?»

«ብጠይቅሽ ትመልሺልኛለሽ ብዬ ፈራሁ።»

ከኋላዬ ዘርኣይ ሲያስል ሰማሁ። ለምለም ከንፈሯን ነከሰች፤ ከዚያ፣ «ለምን ግን እዚህ? ማዶ ያለው ሜዳ ሰፊ ነው» አለችኝ። በሩን አሳየኋት። ማን እንደወጣበትና ነገ ማን እንደምትወጣበት ነገርኋት። ረዘም ላለ ጊዜ በሩን ተመለከተች። እርሷም የሆነ ቤት በር ከፍታ የወጣች ልጅ ነበረች። አንድ ነገር ለማለት አፏን ከፈተች፤ መልሳ ዘጋችው። የእጄን መዳፍ ጨበጠችና፣ «መልካም ሰርግ ይሁንላችሁ» ብላ በመጣችበት ተመለሰች።

እሑድ በሩ ተከፈተ። ሰናይት ደፉ ላይ ቆመች፤ ዳሱ ውስጥ ያለው ሁሉ ተነሣ። እንደፈለገችው ሆነ እያልሁ እፎይ ስል፣ አንድ ሚዜ ከማዶ እየሮጠ መጣ። የሙሽራው ማኪናዎች ከአስፋልቱ ላይ ቆመዋል። መንገዱን ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ስለዘጋነው፣ ሙሽራዋን የሚወስድ ማኪናም መግባት አልቻለም። ከዚያ ሁሉ ምክርና ይግባኝ በኋላ፣ ይህን አንድ ነገር ያሰበ ሰው አልነበረም። ሚዜዎቹ አንዱን ጎን እንንቀል አሉ፤ ዘርኣይ ምሰሶውን አቅፎ አልነቅልም አለ።

«ተዉት» አለች ሰናይት። «በእግሬ እሄዳለሁ። አባቴም በማኪና አልሄደም።»

የቀሚሷን ጫፍ ሰብስባ በዳሱ መካከል አለፈች፤ ከዚያም በመንገዱ ላይ፣ በየበሩ የቆመው ሰው እያየ፣ እስከ አስፋልቱ ድረስ ሄደች። ለተብርሃን ከኋላዋ እልል አለች። ሌሎቹም እልልታውን ተቀበሉ። እኔ ከበሩ ደፍ ላይ ቆሜ በዓይኔ ሸኘኋት፤ ጥጉን ዞራ እስክትሰወር ድረስ ማንም ከቦታው አልተነቃነቀም።

ጾም ሊገባ ሲቃረብ አንድ የማላውቀው ሰው በሬን አንኳኳ። ከዓኽርያ ነው የመጣው፤ ሴት ልጁን ሊድር ነው። ባርኔጣውን በእጁ እያዞረ፣ «አቦይ ጠበቃ እርስዎ ነዎት? ሙሽራ ከቤቷ እስከ አስፋልቱ በእግሯ ትሂድ ተብሏል አሉ። ያወጣው መንግሥት ነው ወይስ ቤተ ክህነት?» አለኝ።

«ማንም አላወጣውም። አንዲት ልጅ ስለፈለገች ሄደች።»

«ግዴታ አይደለም?»

«አይደለም።»

«ምክርም አይደለም?»

«ምክርም አይደለም።»

የሰውየው ፊት ወደቀ። «ወይ ጣጣ» አለ። «የገዛንላት ጫማ ደግሞ ተረከዙ ረዥም ነው።»

«ወንድሜ፣ ግዴታ አይደለም እያልሁህ ምን ያስጨንቅሃል?»

«እሱ ነዋ የሚያስጨንቀኝ» አለ፣ ባርኔጣውን እየደፋ። «ሕግ ቢሆን ማምለጫ እንፈልግለት ነበር። ካልሆነ ግን በየት በኩል እናመልጠዋለን?»